የቀትር ውኃ

እኔ ባደግሁበት ቀዬ ጅብ የሚፈራው በማታ፣ ጋኔን የሚፈራው በቀትር ነው። ይህን ለደብረ ብርሃን ባልደረቦቼ ስነግራቸው ይስቁብኛል። «ሰይጣን እንኳ ጨለማ ይመርጣል» ይሉኛል። ምን ያድርጉ፣ ከሌላ አገር ለሥራ የመጡ ናቸው። ከአንኮበር ገደል ሥር፣ ከጎረቤላ በእግር ቁልቁል በሚኬድበት መንደር ቢወለዱ ኖሮ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ሲገባና ወፉ ሁሉ ዝም ሲል ውኃ ዳር መቆም ምን እንደሆነ ያውቁት ነበር። በዚያ ሰዓት ምንጭ አይወረድም። የግድ ሆኖበት የወረደ ሰው አማትቦ ይቀዳል፣ ወደኋላ ሳያይ ይመለሳል። ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ጠሪውን ካላየ ደግሞ «አቤት» አይልም። አቤት ያለ ሰው በቃ፣ ተይዟል።

እናቴ ታናሽ እህቴን በቀትር ውኃ ላከቻት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ያን ቀን ባቄላ የሚወቃ ደቦ ነበረብን። እኔ ጎረቤላ ትምህርት ቤት ነበርሁ። ሰዎቹ አቧራ ቃሙና ውኃ ውኃ አሉ፣ ቤት ያለው ደግሞ አለቀ። እህቴ ትንሿን የዘይት ጀሪካን አንጠልጥላ እየዘለለች ወረደች፤ ምንጩ አፍ ላይ ተደፍታ በመዳፏ እየጨለፈች እስክትጠግብ ጠጥታ፣ ሞልታ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ያዛት። ከላይም ከታችም አላስቆም አላት። ዓይኗ ጎደጎደ፣ ቆዳዋ ሲቆነጥጡት ቶሎ የማይመለስ ሆነ። ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወጧት ሰዎች ቃሬዛ ሲያሥሩ እናቴ ክንድ ላይ አለፈች።

ለቅሶው ላይ አንዲት ጎረቤታችን «በስንት ሰዓት ነበር ውኃ የወረደችው?» ብላ ጠየቀች። ክፉ አስባ አይመስለኝም፣ ሰው ለቅሶ ቤት አፉን የሚያሳርፍበት ነገር ያጣል። እናቴ «በቀትር» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም ቃል አልወጣውም። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ለሰው ሁሉ የሚያጽናና ቃል የማያጡ ሰውዬ እሳቸውም መሬት መሬት አዩ። እኔ ያን ዝምታ ዛሬም እሰማዋለሁ። ፍርድ ነበር፣ ያለ ዳኛ የተሰጠ ፍርድ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ቀትር ላይ ደጅ አትወጣም። ረፋዱ ሲገባደድ በሩን ትዘጋለች፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ትከፍታለች። የእህቴን ስም አትጠራም፤ የግድ ከሆነ «ያቺ ልጅ» ትላለች። አባቴ አርፈው ብቻዋን ከቀረች በኋላም ይኸው ነው። አንድ የሚያጽናናት ነገር ብቻ ነበራት። «ውኃ ጠምቷትስ አልሞተችም» ትላለች። «በጣሳ እያቀመስኋት፣ ከጎኗ ሳልነሳ። ጥሟ ተቆርጦ ነው የሄደች።» ይህን በየተዝካሩ፣ በየክረምቱ፣ አንዳንዴም ማንም ሳይጠይቃት ሽሮ እያማሰለች ስትለው ሰምቻለሁ። የተናገረችውን ራሷ ሰምታ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እኔ ኬሚስትሪ ተማርሁ። ለምን ውኃ ላይ እንደሠራሁ የሚጠይቀኝ ሰው አለ፤ ኧረ ተዉኝ፣ ሌላ ምን ላይ ልሥራ?

አሁን እንጀራዬ ነጭ ዱቄት ነው። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ የቤታችሁን ግድግዳ የሚያነጣው ቀለም ውስጥ ያለው እሱ ነው። ይህ ዱቄት ጨለማ ውስጥ ሰነፍ ነው፣ ተኝቶ ይውላል። ፀሐይ ስትመታው ግን ይነቃል። ውኃ ውስጥ ሆኖ ሲነቃ ዓይን የማያያቸው ተናካሽ ነገሮች ይፈለፈሉበታል፤ እነሱ የጀርሙን ቅርፊት እየበሱ ይገድሉታል፣ የተበከለ ነገር ካገኙም ይበጣጥሱታል። እሱ ራሱ አይጎድልም። ይህን የሚሠራ ነገር ካታሊስት ይባላል፤ ሥራውን ያፋጥናል፣ ራሱ ግን ሥራው ውስጥ አያልቅም። እኛ መስተዋት ላይ እንቀባውና በእቶን እንጋግረዋለን፣ ከዚያ ዝርግ ትሪ ውስጥ አስተኝተን ሁለት ጣት ያህል ውኃ እናፈስበታለን። ሌላው የፀሐይ ድርሻ ነው።

የደብረ ብርሃን ፀሐይ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረች ናት። ብርዱን ያየ ሰው ይንቃታል፣ አታሞቅማ፤ ማታ አፍንጫው ሲላጥ ነው የሚያውቃት። ትሪዎቹን የምንደረድረው ጣሪያ ላይ ነው። ነፋሱ ስንቀባ የተረፈውን ዱቄት እያነሳ ጥቁር ሹራቤ ላይ ሲያለብሰው «ዛሬም ወፍጮ ቤት ዋልሽ?» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ። ፀሐይ አናቴ ላይ ስትደርስና ጥላዬ ሲጠፋ ግን እዚያ ጣሪያ ላይ፣ የከተማው መኪና እየጮኸ፣ አንገቴን አንድ ነገር ይነካኛል። ሥራችን ከሁሉ በላይ የሚሰምርበት ሰዓት ያው የተከለከለው ሰዓት ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አንድ በዓል ላይ እናቴን ጠይቄ ስመለስ ከምንጫችን በጠርሙስ ቀድቼ መጣሁ። ላቦራቶሪ ገብቼ ጠብታውን ጀርም በሚያበቅለው ሳህን ላይ ዘርቼ ሙቀት ሳጥን ውስጥ አሳደርሁት። ጠዋት ስከፍተው እንደ ፈንጣጣ ነጥብ በነጥብ ሆኖ ጠበቀኝ። አይ አምላኬ! ከሰገራ የሚመጣው ጀርም ነበር፣ የእንስሳም ይሁን የሰው። ከምንጩ በላይ የከብት በረት አለ፤ እኔ ሳልወለድም እዚያው ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ግን ልዋሽ አልችልም፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ጋኔኑን አገኘሁት አልሁ። ሰዓቱ አይደለም የገደላት፣ ውኃው ነው። በጠዋት ብትወርድም፣ በማታ ብትወርድም ያው ነበር። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመችው ያልሠራችውን ነው፤ አወርድላታለሁ አልሁ። ያን ጊዜ ሌላ ነገር አልታየኝም፣ እውነቱን ይዤ መሄድ ብቻ።

«ውኃ አፍልተሽ ጠጪ» ብያት አውቃለሁ። «የፈላ ውኃ የበሽተኛ ነው» ትለኛለች፣ እንጨቱም ከየት ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ትሪ፣ አንዱን የተቀባ አንዱን ያልተቀባ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሄድሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ጥቅሉን አዩ አዩና «ለየትኛው ደብር ነው?» አሉኝ። ሥዕል የያዝሁ መስሏቸዋል። «ለእናቴ ነው አባባ» አልሁ። «እሰይ፣ ከቤት የማይጠፋ ሥዕል ነው» ብለው ብርድ ልብሱን ተሳለሙት። ላርማቸው አልሁና ተውሁት። መንገዱም ሲያንገጫግጨን ሁለታችንም ጥቅሉን ደገፍነው።

እኛ አገር ጠዋት ውርጭ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉሙ ከቆላ ሽቅብ ይወጣና ከሰው ፊት ሰው ይሰውራል። ጠራ ያለ ፀሐይ የሚገኘው ቀትር ላይ ብቻ ነው። በማግሥቱ ትሪዎቹን ከደጅ ካቡ ላይ አስቀመጥሁ፤ በሁለቱም ውኃ አፍስሼ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ለተማሪ የምናሳየው ነገር ነው፤ ጀርም በዓይን አይታይም፣ ቀለም ግን ሲጠፋ ይታያል። እናቴ በሯን ዘግታ በስንጥቁ ታየኛለች።

«ግቢ አንቺ ልጅ! ምን ያንቀዋልልሻል በዚህ ጠራራ!»

«ሥራዬ ነው እማዬ።»

«ሥራሽ ከዚህ ሰዓት ሌላ ሰዓት አጣ? ምነው ሸዋ!»

ከትሪዎቹ አጠገብ ቁጭ አልሁ። ትሳደባለች፣ ታማትባለች፣ እንደገና በስንጥቁ ታያለች። ቀለሙ መሳሳት ጀመረ። በተቀባው ትሪ ውስጥ ሰማያዊው እየገረጣ እየገረጣ ሄደ፤ ያልተቀባው ግን እንዳለ ነው። ፀሐይ አናቴ ላይ ሳለች የተቀባው ትሪ የምንጭ ውኃ መሰለ። በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ደጃፉን ተሻግራ መጣች።

«ሰማያዊው የት ሄደ?» አለችኝ።

«ተበላ።»

«ማን በላው?»

«ብርሃኑ። መስተዋቱ ላይ የተቀባው ነገር ፀሐይ ሲያገኝ ይበላዋል። እንደ እርሾ በይው፣ ሥራውን የሚያስጀምረው እሱ ነው።»

«እርሾ እኮ ያልቃል።»

«ይኼ አያልቅም።»

ጎንበስ ብላ አየችው፣ አልነካችውም። «ብርሃን ይበላል?»

«ይኼኛው ይበላል።»

«ታዲያ እኛስ ቀትር ይበላል ስንል ምን ዋሸን?» አለች። ሳቅሁ። እሷም ከንፈሯን ሰበሰበች፤ ሳቋን ስትደብቅ እንዲያ ነው የምታደርገው።

ያኔ ነገርኋት። ሳህኑን፣ ነጥቡን፣ በረቱን፣ ሁሉንም። «እህቴን ቀትር አልመታትም እማዬ። የገደላት ውኃው ውስጥ የነበረ ጀርም ነው። ጠዋት ብትልኪያት ኖሮም ያው ነው።»

«በቀትር ባልልካትም?»

«ባትልኪያትም።»

ካቡ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ ፊቷን ወደ ፀሐይ አቀናች፤ ዓይኗን ጨፍና ቆየች፣ እንባዋ እየወረደ። ፊቷን በዚያ ብርሃን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ እንዳለ እንኳ ገና ያን ቀን አየሁ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ማታ ራት ስንበላ ጎረቤት እስኪሰማ ስታወራ አመሸች፣ በትሪዬም ተሳለቀችብኝ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ በዚህ ዝርግ ነገር አገር ልታጠጪ ነው?» አለችኝ። «ነገ የምንጩን ውኃ እናስገባበታለን፣ ታያለሽ» አልኋት። «እኔው ራሴ አወጣዋለሁ» አለች።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል።

በማግሥቱ እንዳለችው አደረገች። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ትሪውን አጥባ፣ ጀሪካኑን ጎትታ፣ ውኃውን በነጠላ አጥልላ በጣሳ እየቀዳች ማፍሰስ ጀመረች። እኔ ጥግ ቆሜ በሥራዬ እኮራለሁ። አንድ ጣሳ፣ ሌላ ጣሳ። ከዚያ እጇ አየር ላይ ቀረ። ጣሳው ሙሉ ነው፣ አታፈስሰውም፣ አትመልሰውም። ታየዋለች።

«አንቺ» አለችኝ ዞር ሳትል። «ያኔ ቤት የነበረው ውኃ ከየት ነው?»

ገና አልገባኝም ነበር። «ከምንጩ ነዋ፣ ከየት ይመጣል።»

«ያቺ ልጅ ይዛው የመጣችው።»

ያኔ ገባኝ።

«ስትታመም ያጠጣኋት» አለች።

«እማዬ፣ የታመመ ሰው ውኃ ማጠጣት ልክ ነው። ሐኪም ቢኖር እሱም አጠጧት ነበር የሚል። እውነቴን ነው፣ ፈሳሹ ካለቀባት...»

«ይኼን ውኃ?»

ጣሳውን ልቀበላት እጄን ሰደድሁ፤ አልለቀቀችም።

«እምቢ ስትል አፏን ከፍቼ» አለች። «የኔ እናት፣ ጠጪልኝ እያልሁ። በዚችው ጣሳ ዓይነት።»

ጣሳውን ከካቡ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው፣ እንዳይፈስስ ተጠንቅቃ። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች።

«መልሺልኝ» አለች።

«ምኑን እማዬ?»

«ጋኔኑን። የቀትሩን መልሺልኝ። እሱን ለምጄው ነበር።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ምን አገባኝ! ሴትዮዋ አንድ ኃጢአትና አንድ መጽናኛ ይዛ፣ አንዱን በአንዱ እየመዘነች ቀን ታሳልፍ ነበር። ኃጢአቷን ላነሳላት ብዬ መጽናኛዋን ነጠቅኋት። ስትልካት አላወቀችም፣ ስታጠጣት ግን በገዛ እጇ ነው። ይህን እኔ እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ሳህኑ ላይ ያን ሁሉ ነጥብ ሳይ ጣሳው እንዴት አልታየኝም?

ዋሸሁ። ምን ላድርግ፣ ዋሸሁ። «ያኔኮ ምንጩ ንጹሕ ነበር» አልሁ። «የተበላሸው አሁን ነው፣ ከላይ ሽንት ቤት ከተቆፈረ ወዲህ። የዛሬውን ውኃ ነው የመረመርሁት እንጂ የያኔውን ማን አይቶት? እንዲያውም ስትዪው ቀትርም ሊሆን ይችላል።»

ዞር ብላ አየችኝ። ቄስ ቤት የኖረች ሴት ናት፣ ንስሐም ውሸትም ስትሰማ ነው ያረጀች። አልተቆጣችም። ፊቴን በመዳፏ ዳበስ አደረገችኝ፣ ልጅ ሳለሁ ወድቄ ስነሳ እንደምታደርገው። «በረቱ ግን ያኔም ነበር ልጄ» አለች። ገባችና በሩን ዘጋችው። መወርወሪያው ሲገባ ሰማሁ።

እኔ እዚያው ካቡ ላይ ከትሪው ጋር ቀረሁ። ፀሐይ አናቴ ላይ ናት፣ ጥላዬ እግሬ ሥር ገብቷል። ወፍ የለም። ውኃው ውስጥ ዱቄቱ ነቅቷል፣ ሥራውን ይሠራል፤ ምንም ድምፅ የለውም። ያ ጣሳ እንደ ሞላ አጠገቤ ተቀምጧል። ላፈስሰው እጄን ዘረጋሁና መለስሁት። ወደ ምንጩ የሚወርደው መንገድ ከተቀመጥሁበት ይታያል፤ ሰው አልነበረበትም፣ እኔ ግን ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። የዘይት ጀሪካን ይዛ የምትዘልል ልጅ ብቅ የምትል መሰለኝ። እፈራ ነበር። ኬሚስት ነኝ፣ በጠራራ ፀሐይ የገዛ እናቴ ደጅ ቁጭ ብዬ አማተብሁ።

ከዚያ ተጠራ። የእህቴ ስም ነው የተጠራው። ከተዘጋው በር ውስጥ ነው የመጣው፣ ድምፁም የእናቴ ነው፤ ግን ያን ስም ከአፏ ከሰማሁት ስንት ዘመን ሆነኝ። እናቶች የልጆቻቸውን ስም ያቀያይራሉ፣ እኔን መጥራቷ ይሆናል አልሁ። ደግማ ጠራች። ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቀስ። እንዳላቀያየረች አወቅሁ።

ቀትር ነው፣ ጠሪውን አላየሁም፣ የተጠራውም የእኔ ስም አይደለም። ሕጉን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

«አቤት» አልሁ።

በበሩ ስንጥቅ የነጠላዋ ጥለት ይታየኛል፣ ከበሩ ጋር ተጣብቃ ቆማለች።

«ጠምቶሻል?» አለች።

«አልጠማኝም እማዬ» አልሁ። «ጥሜ ተቆርጧል።»